መኪናው ታጥቧል፤ ፍሬኑስ?

የጥምቀት ታቦታት ከገቡ በኋላ ያሉት ቀናት የመኪና እጥበት ቤቶች ገበያቸው የሚደራባቸው ናቸው። ሠርግ አለ፣ ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም አለች፣ አገር ቤት መሄድ አለ። በዚሁ ሰሞን ጎረቤቶቻችን ወደ መርጡለ ማርያም ሊሄዱ መኪናቸውን ሲያዘጋጁ ቆሜ አየሁ። የታወቀች የድሮ ኮሮላ ናት። ውስጧ ተጠርጓል፣ ጎማዋ ጥቁር ቅባት ተቀብቷል፣ ወንበሮቿ አዲስ ልብስ ለብሰዋል፣ መስታወቷ ላይ ሽቶ ተንጠልጥሏል። ፖርቶመጋላው ላይ ለዘመድ የሚሄድ ፍራሽና ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ታስሯል። የቤቱ ልጅ ስልኩን ይዞ መኪናዋን እየዞረ ቀረጸ፣ ዘፈን ደረበበት፣ ቲክቶክ ላይ ለጠፈው። ቆንጆ ቪዲዮ ነው፤ እኔም ላይክ አድርጌያለሁ።

ኮፈኑን ግን ማንም አልከፈተም።

«ፍሬኗ ታይቷል?» አልኩ። አባወራው ፈገግ ብሎ «ሰርቪስ ገብታለች፣ ቦሎም አላት» አለኝ። ሁለቱም እውነት ናቸው። ችግሩ፣ እኛ ሰርቪስ የምንለው አብዛኛውን ጊዜ የሞተር ዘይትና ፊልትሮ መቀየር ነው። ቦሎ ደግሞ መኪናዋ በምርመራው ዕለት እንዴት እንደነበረች ይናገራል እንጂ ከዚያ ወዲህ ባሉት ወራት ምን እንደሆነች አያውቅም። ሁለቱም የዓባይን በረሃ አላዩም።

ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው ለአባወራው አይደለም። ቪዲዮውን ለቀረጸው ልጅ ነው። ለእናንተ፣ ከኋላ ወንበር ለምትቀመጡት፣ መኪናው የእናንተ ስላልሆነ አስተያየት መስጠት ለሚከብዳችሁ።

መንገዱን እናስታውስ። ከአዲስ አበባ በሱሉልታ ወጥቶ፣ ጫንጮንና ሙከ ጡሪን፣ ገብረ ጉራቻን አልፎ ጎሐ ጽዮን እስኪደርስ ድረስ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ ነፋሻማ፣ ለአንድ መኪና ብዙም የማይከብድ። ጎሐ ጽዮን ላይ ምድር ይከፈታል። ከዚያ እስከ ድልድዩ ወደ 20 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ጠመዝማዛ ብቻ ከፍታው በ1,400 ሜትር ያህል ይወርዳል። ላይ ጃኬት የለበሰ ሰው ታች ሲደርስ መስኮት ከፍቶ ያላብበዋል። ከዚያ ድልድዩን ተሻግሮ ያንኑ ያህል ሽቅብ ወደ ደጀን። ደጀን ላይ ዋናው መንገድ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲቀጥል የመርጡለ ማርያሙ መንገደኛ ወደ ቢቸና ይታጠፋል፤ ደብረ ወርቅን አልፎ ወደ እነብሴ ሳር ምድር ያመራል። መድረሻው ንግሥት እሌኒ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያሠራችው ቤተ መቅደስ ፍርስራሽ ዛሬም ቆሞ የሚታይበት፣ ትውፊቱ ደግሞ እስከ አብርሃና አጽብሐ ዘመን የሚወስደው ገዳም ነው።

ብዙ ሰው ይህን መንገድ ሲያስብ የሚፈራው ዳገቱን ነው። «ሞተሯ ትችለዋለች ወይ?» ይላል። ሞተር ካልቻለ ይቆማል፤ ይሞቃል፣ ይጨሳል፣ ኮፈኑን ከፍታችሁ ጥላ ሥር ትቀመጣላችሁ፣ ቀናችሁ ይበላሻል። ፍሬን ካልቻለ ግን አትቆሙም። ነገሩ በቃ ይኸው ነው።

ጉዳዩን በቁጥር ለሚወድ ደግሞ እንዲህ እናስላው። አምስት ሰውና ሻንጣ የጫነች ትንሽ የቤት መኪና 1,500 ኪሎ ያህል ትመዝናለች እንበል። ይህች መኪና 1,400 ሜትር ቁልቁል ስትወርድ የሚለቀቀው ጉልበት፣ ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። 60 ሊትር የሚንተከተክ ውሃ! ከፊሉን ነፋሱና መንገዱ ይወስዱታል። የቀረውን ወይ ሞተሩ ይዞ ይቀንሳል፣ ወይ ደግሞ ከአራቱ ጎማ ኋላ የተሸጎጡት የፍሬን ሸራና ዲስክ ይውጡታል። አባትህ ከጎሐ ጽዮን ጀምሮ እግሩን ፔዳሉ ላይ አድርጎ ከወረደ ያ ሁሉ ሙቀት እዚያች የእጅ መዳፍ የምታክል ሸራ ላይ ነው የሚያርፈው።

ሸራው ከመጠን በላይ ሲግል ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ትረግጣለህ፣ መኪናዋ ግን አትሰማህም። ሁለተኛው ደግሞ ይብሳል። የፍሬን ዘይት በባሕርዩ ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ ክዳኑ ተዘግቶም ቢሆን ቀስ እያለ በዓመታት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ205 ዲግሪ ባላነሰ ሙቀት ነው። ከ4 በመቶ ያነሰ ውሃ ሲገባበት ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 ከ230 ተነሥቶ ወደ 155። የጋለ ፍሬን አጠገብ ያለው ያረጀ ዘይት ይፈላል፣ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ሲረግጡት ይጨመቃል። ያን ጊዜ ፔዳሉ ምንም ሳይዝ እንደ ስፖንጅ ወደ ወለሉ ይሰምጣል። ብዙ አምራቾች ይህን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ገደማ ቀይሩ የሚሉት ለዚህ ነው። እስቲ ቤታችሁ ውስጥ ጠይቁ፤ የሞተር ዘይት መቼ እንደተቀየረ የማያውቅ የለም፣ የፍሬን ዘይት መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ካለ ግን ልትሸልሙት ይገባል።

«ከተማ ውስጥ እኮ ጥሩ ትይዛለች» የሚል መልስ ይመጣል። ትይዛለች፣ ማን ይክዳል። ከመገናኛ ፒያሳ ድረስ ያለው መንገድ ፍሬንን ለሰከንዶች ያሠራውና ያሳርፈዋል፤ መጨናነቁ ራሱ ማቀዝቀዣ ነው። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል የሚለውን የቆየ ተረት የዚህን ያህል ቃል በቃል የሚስማማው ነገር አላገኘሁም።

ይህን ሁሉ ተምሬ የመጣሁት ከመጽሐፍ እንዳይመስላችሁ። ከዓመታት በፊት እኔም የኋላ ወንበር ልጅ ነበርኩ። አባዬ ይነዳል፣ እማዬ ፊት ናት፣ እኔና እህቶቼ ከኋላ ተጨናንቀናል። ጎሐ ጽዮንን አልፈን መውረድ ስንጀምር ስልኬን መስኮት ላይ ደግፌ ገደሉን እቀርጻለሁ። ግማሽ መንገድ ላይ አንድ ሽታ መጣ። የተቃጠለ ላስቲክና የተቃጠለ ጸጉር አንድ ላይ የሆነ፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ። ታናሿ እህቴ አፍንጫዋን ያዘች። እኔ ሽታው ከእኛ መኪና እንደሆነ ገብቶኛል፤ ምክንያቱም የፊተኛዋ መኪና ሩቅ ነበረች። ግን ዝም አልኩ። አባዬ ሃያ ምናምን ዓመት የነዳ ሰው ነው፤ እኔ መንጃ ፈቃድ እንኳ የለኝም። ምን ልበል? «አባዬ፣ ፍሬንህ እየተቃጠለ ነው» ይባላል እንዴ?

አንድ ጠመዝማዛ ላይ አባዬ ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ሲመታ አየሁ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገትሯል። ማርሹን ወደ ሁለተኛ ጎትቶ አወረደው፤ ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ አንገራገረች፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያለ ሳበና ከተራራው ወገን ባለው ዳር ጠጠር ላይ አቆማት። ማንም አልተናገረም። አንድ የሲኖትራክ ሹፌር ከኋላችን ቆሞ ወረደና ቸርኬውን በሩቁ አየት አድርጎ «ውሃ እንዳታፈሱባት። ሰዓት ስጧት» አለ። ቀጥሎ አባዬን ወደ ጎን ወሰድ አደረገውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ እዚህ መንገድ ላይ በፍሬን አይወረድም፤ በማርሽ ነው» አለው። ልጆቹ ፊት እንዳያዋርደው መጠንቀቁ እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

አንድ ሰዓት ያህል ቆመን ወረድን። አባዬ ከዚያ በኋላ ስለዚያች ሰዓት አንድም ቀን አንሥቶ አያውቅም። ስልኬ ላይ የነበረው ቪዲዮ ግን አለ፤ ገደሉ ያምራል፣ ከኋላው እህቴ «ምንድነው የሚሸተው?» ስትል ይሰማል፣ የሚመልስላት የለም። ከመለሱላት ሰዎች መካከል እኔ አንዱ መሆን ነበረብኝ።

እና አሁን «ይህቺ መኪና እኮ ዓባይን ሃያ ጊዜ ተሻግራለች» ሲሉኝ እንደ ማስረጃ አልሰማውም። ሃያ ጊዜ ተሻግራለች ማለት ሸራዋ ሃያ ጊዜ ግሏል ማለት ነው፤ ሂሳብ ነው የሚያጠራቅመው፣ ልምድ አይደለም። ልምዱ ያለው ሹፌሩ ጋ ነው፤ እሱም በትክክል ሲነዳ ከነበረ። (ጎረቤቶቻችን በነገራችን ላይ ደህና ደርሰው ደህና ተመልሰዋል፣ ተመስገን። ብዙዎቻችን ደህና ነው የምንመለሰው። ችግሩም እዚያ ላይ ነው፤ ደህና በተመለስን ቁጥር ትክክል የሠራን ይመስለናል። በዚህ አገር በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መንገድ ላይ ይሞታሉ፤ አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ደህና ሲመለሱ የኖሩ ናቸው።)

ቤንዚን ለመቆጠብ ቁልቁለት ላይ ማርሹን ዜሮ አድርጎ የሚለቅም አለ፤ አንዳንዱማ ጭራሽ ሞተር ያጠፋል። የመጀመሪያው ትርፍ እንኳ የለውም። በኤሌክትሮኒክ የሚረጭ ነዳጅ ያላቸው መኪኖች፣ ማለትም ከቪትዝ ጀምሮ ዛሬ የምናያቸው አብዛኞቹ፣ ማርሽ ውስጥ ሆነው ነዳጅ ሳይረገጥ ሲወርዱ ለሞተሩ የሚሄደውን ነዳጅ ራሳቸው ይዘጉታል። ዜሮ ላይ ስታደርጋቸው ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠል ይጀምራሉ። ሞተር ማጥፋት ደግሞ የፍሬኑን አጋዥ ጉልበትና የመሪውን ቅለት አብሮ ማጥፋት ነው። በማርሽ መውረድ ማለት ሽቅብ በምትወጣበት ማርሽ መውረድ ነው፤ ሁለተኛ ከሆነ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ከሆነ ሦስተኛ። አውቶማቲክ ከሆነ «ዲ» ላይ አትተውት፤ «ኤል»፣ «2»፣ አንዳንዱ ላይ «ቢ» የሚል አለ። ሞተሩ ይጮኻል፤ ይጩህ። ፍሬኑ ጠንከር አድርጎ ረግጦ መልቀቅ እንጂ እግርን እያሳረፉ መክረም አይፈልግም።

አያቶቻችን ዓባይን በቅፍለት ሲሻገሩ የዝግጅቱ ቅደም ተከተል ሌላ ነበር። ክረምት አልፎ ወንዙ እስኪጎድል ይጠበቃል፣ ብቻን አይሄድም፣ አጋሰሱ ከመጫኑ በፊት ኮርቻው ይነሣና ጀርባው ይዳሰሳል። ገጣባ ያለው አይጫንም። ኮቴው ይታያል። መረሻቱ፣ ቃጭሉ፣ ጌጡ ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ቃጭሉን አስቀድመን ጀርባውን የምናየው በረሃው ውስጥ ስንደርስ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይሉ የነበሩትም እነሱ ናቸው።

ወደ እናንተ ልመለስ። እንዴት ይጠየቃል? አማርኛችን ለዚህ የተመቸ ነው። «የፍሬን ዘይት አልቀየርክም» አትበል፤ «የፍሬን ዘይት ከተቀየረ ስንት ጊዜው ነው?» በል። ማንንም አይከስም። እንዲያውም ጥያቄውን ይዘህ ከመምጣት ሥራውን ይዘህ ና። «አባዬ፣ ቅዳሜ ጠዋት እኔ ጋራዥ ልውሰዳት?» ወይም መንጃ ፈቃድ ከሌለህ «አብሬህ ልሂድ?» በል። ጋራዥ ስትደርሱ «ፍሬን እዩልን» ብቻ ብላችሁ ሻይ ልትጠጡ እንዳትሄዱ። አራቱም ጎማ ይፈታ፣ ሸራው ምን ያህል እንደቀረ በዓይናችሁ እዩት፣ ፎቶ አንሡት፤ የኋላው ታምቡር ሁልጊዜ የሚዘለለው ነውና እሱንም አስከፍቱት። የዘይቱን ቀለም እዩ። አዲስ የፍሬን ዘይት ማር የመሰለ ጥርት ያለ ነው፤ የቡና አተላ ከመሰለ ነገሩ አልቋል። መጨመር ሳይሆን መቀየርና አየሩን ማስወጣት ነው የሚያስፈልገው። እጥበቱ፣ የወንበር ልብሱና ሽቶው ላይ ከሚወጣው ብር ጋር አወዳድሩት፤ ብዙ ጊዜ አይበልጥም።

ስልካችሁ ደግሞ ከቲክቶክ ሌላ ሥራ አለው። ጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ ያለው የቁጥር ማኅተም አለ፤ 3216 የሚል ከሆነ በ2016 እ.ኤ.አ. በ32ኛው ሳምንት የተመረተ ነው ማለት ነው። በባትሪ መብራት ፈልጉት፣ ፎቶ አንሡት፣ የስኮርታ ጎማውንም ጨምሩ። ስኮርታው አስተማማኝ የሚመስለው ጥርሱ ስላላለቀ ነው፤ ያላለቀው ግን ስላልተነዳ ነው እንጂ ዕድሜው አልቆመም። ብዙ አምራቾች 10 ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርስ ቢኖረውም ይቀየር ይላሉ። ጎማ የሚነፋው በጠዋት ሳይሞቅ ነው፤ መጠኑ የሹፌሩ በር ጎን ላይ ተጽፏል፣ ለሙሉ ጭነት የሚሆነው ለብቻው። ጎሚስታው «ልሙላው?» ሲል «ስንት?» የሚለውን ቁጥር ይዛችሁ ጠብቁት።

ከዚያ ወደ ኋላ ወንበር ሂዱና ቀበቶ ፈልጉ። አታገኙትም። አዲሱ የወንበር ልብስ ማያያዣውን ውጦታል። በዚህ ከተማ ከሚያናድዱኝ ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ መኪናው ከፋብሪካ ለሦስት ሰው ቀበቶ ይዞ መጥቶ፣ እኛ ገንዘብ ከፍለን ልብስ አሰፍተን እንቀብረዋለን። መቀስ አምጡ። ልብሱ ይቀደድ።

ነዳጅን በተመለከተ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ክፍያው በቴሌብርና በመሰል ዲጂታል መንገድ ሆኗል። ኔትወርክ ሲጠፋ ብር በኪስ ይዞ ማደያ በር ላይ መቆም እንዳለ ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ከዓባይ ወዲህ ሙሉ አድርጉ። በጀሪካን ቤንዚን ሕፃናት ከተቀመጡበት ኋላ መጫን ግን አይሁን፤ በረሃው ውስጥ ያለው ሙቀት ለእሱ የሚሆን አይደለም። ካርታውንም ቤት ሳላችሁ አውርዱት፤ ደጀን ላይ ከታጠፋችሁ በኋላ በኔትወርክ አትመኩ። የመንገዱን ነገር ደግሞ ካርታው አይነግራችሁም፤ የትኛው ቁራጭ አስፋልት ነው፣ የትኛው ኮረኮንች፣ የትኛው ድልድይ ላይ ውሃ አለ የሚለውን የሚያውቀው በዚያ መስመር የሚሠራ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ደውሉለት። ዳገቱን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፤ ራዲያተር ውስጥ የቧንቧ ውሃ አይደለም የሚገባው፣ የጋለ ራዲያተርም ክዳኑ አይከፈትም። የሚደንቀው ሁሉም ሰው ይህን ያውቃል፣ ሁሉም ዓመት ግን አንድ የተቃጠለ እጅ አይጠፋም።

ከዚህ ሁሉ በፊት የሚመጣውን ጥያቄ ሳልነካ ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ጀምሮ አማራ ክልል ውስጥ ያለው ግጭት ይህን መንገድ የመኪና ጉዳይ ብቻ እንዳይሆን አድርጎታል። በዚህ መስመር የታገቱ ተጓዦች አሉ፤ መንገዱ ተዘግቶ የከረመበት ጊዜ አለ። የመጀመሪያው ምርመራ እንግዲህ ጋራዥ ሳይሆን በስልክ ነው። መርጡለ ማርያም ላሉት ዘመዶች ደውሉ፣ ቢቸና ላለው ደውሉ፣ ትናንት ከደጀን የመጣውን ሹፌር ጠይቁ። «አትምጡ» ካሏችሁ አትሂዱ። አያቴ አንድ ጊዜ በስልክ «ልጄ፣ ማርያም ከርሞም አለች» ብለውኛል፤ ልባቸው እያለቀሰ መሆኑ ከድምፃቸው ይታወቃል። በጨለማ ይህን መንገድ መውረድ ደግሞ በሰላሙ ጊዜም ቢሆን የሚመከር አልነበረም፤ ገና ጎሕ ሲቀድ ከአዲስ አበባ መውጣት ዋናው ዘዴ ነው።

«እኛ እኮ ኤሌክትሪክ ገዝተናል» የምትሉም እንዳላችሁ አውቃለሁ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ቁጥራችሁ ጨምሯል። ለቁልቁለቱ እናንተ ተመችቷችኋል፤ ሞተራችሁ ራሱ እየያዘ ሲወርድ ያንን የ60 ሊትር ውሃ ሙቀት ወደ ባትሪ ይመልስላችኋል። ግን አንድ ወጥመድ አለ፤ ጎሐ ጽዮን ላይ ባትሪያችሁ ሙሉ ከሆነ የሚመለሰውን ጉልበት የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፣ መኪናዋም ወደ ተራው ፍሬን ትመለሳለች። ከደጀን ወዲያ የት ቻርጅ እንደምታደርጉ ደግሞ ሳታውቁ አትነሡ።

አሁን ማንም የማያወራበት ነገር አለ፤ መመለሻው። ሁላችንም የምንዘጋጀው ለመሄድ ነው። ስንሄድ ፍራሽና ሻንጣ ነው የጫነው፤ ስንመለስ ግን የጎጃም እናት ባዶ እጅ አትሸኝም። ማኛ ጤፍ አለ፣ ማር በገንቦ አለ፣ ቅቤ አለ፣ አንዳንዴ አንድ በግ እግሩ ታስሮ ይገባል። መኪናዋ ከሄደችበት ሁለት ኩንታል ከብዳ፣ በኮረኮንች ተንገላታ፣ አንድ ጊዜ በረሃውን ወርዳ በወጣችበት በዚያው ሸራ፣ አሁን ከደጀን በኩል እንደገና ትወርዳለች። ሹፌሩ ደክሞታል፣ ነገ ሥራ አለ፣ ሁሉም ሰው ቶሎ ቤቱ መግባት ይፈልጋል። 303 ሜትር የሚረዝመውን፣ በጃፓን እርዳታ የተሠራውን የሕዳሴ ድልድይ ለመድረስ ያለው ቁልቁለት በሁለቱም ወገን አንድ ነው፤ እኛ ግን በአንዱ ወገን ብቻ የምንወርድ ይመስል እንዘጋጃለን።

ባለፈው ዓመት መንገዱ ደህና ነው በተባለበት ሰሞን እኛ ቤት ይህ ነገር ተነሥቶ ነበር። አያቴ ሁለት ኩንታል ጤፍ አስፈጭተው፣ አሳስረው፣ በር ላይ አቁመው ጠበቁን። አባዬ ፖርቶመጋላውን ማጥበቅ ጀመረ። እኔ ማርና ቅቤውን ተቀብዬ አስገባሁና ቆሜ ቀረሁ። በመጨረሻ «አባዬ፣ ጤፉ በመኪና ቢላክስ?» አልኩ። አያቴ ዘወር ብለው አዩኝ፤ እምቢ ያልኩ መሰላቸው። አባዬ ገመዱን ይዞ ዝም አለ። ረዘም ያለ ዝምታ ነበር። ቀጥሎ ገመዱን ፈታውና «እማማ፣ ቁልቁለቱ አለ» አላቸው፤ ሌላ ምንም አልጨመረም። ጎሐ ጽዮን እስክንወጣ ድረስ ከሁለተኛ ማርሽ አልወጣም። ጤፉ በሦስተኛው ቀን በአይሱዙ ደረሰ።